ሰላምታው ያልተመለሰለት ደብዳቤ

ሐሙስ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017፣ ወልቂጤ

አሮጌው ላፕቶፔ ሞተ። የቤቴ ቆርቆሮ ያፈሰሰው ዝናብ ሆዱ ገባና ጸጥ አለ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና «እህቴ፣ ይሄን እንኳን አላህ ይተካልሽ» አለኝ። መሥሪያ ቤት አዲስ ሰጡኝ። አደራን እንደገና ጫንኩበት፣ አዲስ ቁልፍ አወጣሁ፣ አለቀ። የድሮውን ቁልፍ ሌላ ቦታም ማስቀመጥ ነበረብኝ። ለደንበኛ ሁሉ «ቁልፍዎን ሌላ ቦታም ያስቀምጡ» እያልኩ የምለፈልፈው እኔው ነኝ እኮ! ጉድ ነው።

አደራ እኛ የምንሠራው ፕሮግራም ነው፤ ኢሜይል ይቆልፋል። ለምታምነው ሰው ክፍት ጓጉንቸር ትሰጠዋለህ፤ እሱ ደብዳቤውን በዚያ ቆልፎ ይልክልሃል፤ ቁልፉ ያለው ግን አንተ ጋ ብቻ ነው። በአረፋ ቡታጅራ የሄድኩ ጊዜ ለአባባም ያስረዳሁት እንዲሁ ነው። ስንት ዘመን ርዕሰ መምህር የነበረ ሰው እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቁጭ ብሎ ሰማኝ። «እና ሰፍያ ስልኬን ብትነካካ አታነበውም?» አለኝ። ሰፍያ ታናሽ እህቴ ናት፤ እማዬ ካረፈች ወዲህ ከእሱ ጋር ያለችው እሷ ናት። «የይለፍ ቃሉን ካልነገርካት ማንም አያነበውም» አልኩት። ደስ አለው። ምን የሚደበቅ ነገር እንዳለው እንጃለት። የልማት ማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

አቶ ወልደአማኑኤል የሚባሉ የጤና መኮንን ዝናቡ እላያቸው ላይ እየወረደ ቢሮ ድረስ መጡ። ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አደረጉና «አንብቢ» አሉኝ።

«መልእክትዎ አልተከፈተም። ማንነትዎን ያረጋግጡ። አዲሱን ጓጉንቸር ተቀብለው በድጋሚ ይላኩ።»

«ለወንድሜ ልጅ ነው የጻፍኩት» አሉ። «እኔው ያሳደግኩት ልጅ ማንነትዎን ያረጋግጡ ይለኛል? ፖሊስ ሆነ እንዴ?»

«እሱ አይደለም ያለዎት፤ ፕሮግራሙ ነው። ራሱ ነው የሚልከው።»

«በማን ስም ነው የመጣው?»

በልጁ ስም ነው የመጣው። ስልካቸውን መለስኩላቸው።

እሳቸው ሲወጡ አለቃችን ይድነቃቸው ወንበሩን እያንከባለለ መጣ። «ዘይቡዬ፣ ሰውየው የመጀመሪያ አይደሉም። አስተማሪውም ነርሱም እየተቀየመ ጥሎን እየሄደ ነው። ጨዋ አድርጊልን በናትሽ።» ያንን መልእክት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አጭርና ግልጽ ይሁን ብዬ፣ ምሳ እየበላሁ። ሰው ይረሳል ተብሎ በየጠዋቱ እንዲያስታውስም አድርገነዋል። ግን እውነት ለመናገር፣ ሰው በማሽን ይቀየማል እንዴ?

ዓርብ፣ ሰኔ 13

የአባባ ደብዳቤ መጣ። ሁሌም ከጁምዓ መልስ ነው የሚጽፈው። ስልክ አይወድም፤ «የስልክ ወሬ ኔትወርክ ይበላዋል» ይላል። ደብዳቤው ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ነው። ሰላምታ፣ ዱዓ፣ የጤና ጥያቄ፣ የዝናቡ ነገር፣ ጎረቤት በየስሙ። ከዚያ ጉዳዩ ሁለት መስመር።

አልከፈት አለኝ። በድሮው ጓጉንቸር ቆልፎት ነው፣ ቁልፉ ደግሞ ከላፕቶፑ ጋር ሞቷል። ግድ የለም። አዲሱን ፕሮግራሙ ራሱ ይልክለታል፣ እሱም ደግሞ ይጽፈዋል። ሥራ በዝቶብኛል።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ጨዋነት በዛ አይባልም ብዬ ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ዋልኩ። እንዲህ ወጣ፦

«የተከበሩ ደንበኛችን፤ የላኩልን ውድ መልእክት ለጊዜው ሊከፈት ባለመቻሉ የተሰማንን ጥልቅ ቅሬታ እየገለጽን፣ ማንነትዎን ያረጋግጡልን ዘንድ በታላቅ ትሕትና እንጠይቃለን።»

ለይድነቃቸው ላክሁለት። «ዋው፣ ሚኒስትር ሆንኩ እኮ!» አለኝ። ነገ ይለቀቃል።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

የአባባ ደብዳቤ የለም። ዝናብ። ማኅበር ይዞት ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ደወልኩለት። ሰላም ተባባልን፤ የእሱ ሰላምታ አጠረብኝ።

«አባባ፣ ምነው ጠፋህ?»

«አለሁ። አልሀምዱሊላህ።»

«አልጻፍክልኝም እኮ።»

«የሚጻፈው ተጽፏል ልጄ። መልስሽም ደርሶኛል።»

አዲሱን ጓጉንቸር ማለቱ ነው። «ደረሰህ? በቃ ጥሩ» አልኩት። ቀጥሎ «አልቀየምኩሽም። ሥራሽን ሥሪ» አለኝ። በምን ይቀየመኛል? ልጠይቀው ስል ይድነቃቸው ደንበኛ ይዞ ገባ፤ ቶሎ ዘጋሁት። ድምፁ ደክሞብኛል። መስመሩ ይሆናል።

እሑድ፣ ሰኔ 29

ሰፍያ ደወለች። «ስሚ፣ ይሄ ሰውዬ ግን ጤነኛ ነው?»

«ማን? አባባ? ምን ሆነ?»

«ከፋሲካ ወዲያ መድኃኒት ቤት ሲመላለስ ነበር። ገበያው አጠገብ ያለው፣ የሃፊዛ። አሁን ደግሞ ከግቢም አይወጣ። ፂሙን ሂና መቀባቱንም ተወ።»

«ሂና ይቀባ ነበር እንዴ? በአረፋ ልብ አላልኩም።»

«አዲስ ኮትም አሰፍቶ ነበር። ተሰቅሎ ቀረ።»

ስለ ሂናውና ስለ ኮቱ ምኑም አልገባኝ። እኔ የሰማሁት መድኃኒት ቤት የሚለውን ብቻ ነው። ሃፊዛ ባሏ የሞተባት ፋርማሲስት ናት፤ የእማዬን መድኃኒት የምንገዛው ከእሷ ነበር። እማዬም እንዲሁ ነው የጀመራት። ለማንም ትንፍሽ ሳትል መድኃኒት ቤት ትመላለስ ነበር፣ እኛ ስናውቅ ሕመሙ ጸንቶባት ነበር። ያ አላህ፣ ይሄን ሰው አትንካብኝ።

ነገ ሄጄ አየዋለሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 30

አልሄድኩም። መንገዱ ጭቃ ነው። ሥራውም አላለቀ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 4

ባሰበት! ያ ሁሉ ትሕትና ፈሰሰ። አንዲት እናት ደውላ ጮኸችብኝ። «ልጄ ለእኔ የተከበሩ ደንበኛችን ብሎ ይጽፋል? ጡቴን የጠባ ልጅ?» ደብዳቤውን ደግሞ የሚልክ ከቀድሞው ይልቅ አሁን ነው የጠፋው። ይድነቃቸው ፀጉሩን እያሻሸ «ስንሰድብ ይሻል ነበር» አለ።

ለሰፍያ «መኪና የለም፣ ስላጣሁ ነው ያልመጣሁት» አልኳት። መናኸሪያው በመኪና ተጨናንቋል። ለምን እንደዋሸኋት አላውቅም። አባባ ደህና ነው። ደህና ባይሆን ይነግረኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ዛሬ የሳቅኩት ሳቅ ለወር ይበቃኛል። ቆጣሪ አንባቢ ነው፣ አዲስ ልጅ፣ የግቢያችንን በር ደበደበ። አከራዬ እትዬ ሰገነት ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ። የጎንደር ሰው ናቸው፤ በባላቸው አስተማሪነት መጥተው እዚሁ የቀሩ። ልጁ ገና በሩ ሳይከፈት «ስምዎ ማን ነው?» አላቸው።

«ምን አልክ?»

«ስምዎን። ማረጋገጥ አለብኝ።»

«አንተ! በሬን የደበደብከው አንተ፣ ማነሽ ባይም አንተ? መጀመሪያ እኔ እገሌ ነኝ፣ ከዚህ መሥሪያ ቤት፣ ለዚህ ጉዳይ መጣሁ አይባልም? ማን አሳደገህ?» ልጁ ደነገጠ፤ ስሙንም የአባቱንም ስም ተናገረ፣ የመጣበትን ቀበሌ ሳይቀር። ያን ጊዜ «እንደሱ በል እንጂ የኔ ልጅ፣ ግባ፣ ዝናብ አይምታህ» ብለው አስገቡት።

እኔ ልብሴን ከገመድ እያነሳሁ ቆሜ ቀረሁ። የእኛ ፕሮግራም እኮ ይሄው ልጅ ነው። የሰው በር ያንኳኳል፣ ራሱን አያስተዋውቅም፣ ባለቤቱን ማነህ ይላል። ያውም በሰው ስም ተሸፍኖ። ነገሩ የእባክዎ ማነስ አልነበረም። ሮጬ ገብቼ መጻፍ ጀመርኩ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ሰፍያ፦ «ሃፊዛ ሱቋን ልትዘጋ ነው አሉ። ወራቤ ወንድሟ ጋ ልትገባ ነው፣ በሚመጣው ሳምንት። አባባ ይሄን ሲሰማ ራቱን ትቶ ተኛ።»

«እና መድኃኒቱን ከማን ሊገዛ ነው?»

ሰፍያ «አንቺ ግን ጤነኛ ነሽ?» ብላ ዘጋችብኝ። ይቺ ልጅ ዘንድሮ ንቀት አብዝታለች። ልቤን አሞኛል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

እጄ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ልጻፈው፣ አለዚያ አላምነውም።

አዲሱን መልእክት ለመሞከር ብዬ ፕሮግራሙ በእኔ ስም ለማን ምን እንደላከ ከፈትኩ። እስካሁን አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም። የአባባ አድራሻ ተደርድሯል። ያን ዓርብ ደብዳቤው በመጣ በደቂቃው፦ መልእክትዎ አልተከፈተም፣ ማንነትዎን ያረጋግጡ። በማግስቱ ጠዋት ያው። በማግስቱም ያው። ከዚያ ደግሞ የእኔ ጥበብ ተጀመረ፦ የተከበሩ ደንበኛችን። ይሄውና እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ። በእያንዳንዱ አናት ላይ ላኪ፦ ዘይባ ኢስሀቅ።

እኔ አባቴን በሕይወቴ እርስዎ ብዬው አላውቅም።

እሱ ግማሽ ገጽ ሰላምታ ጻፈልኝ። አንድም ጊዜ ሰላምታው አልተመለሰለትም። ልጆች ሆነን ሱሪውን ይዘን ስንሄድ ያስተማረን እሱ ነው፦ ሰላምታ መስጠት ሱና ነው፣ መመለስ ግን ግዴታ ነው። የተኳረፈ ሰው እንኳን አንገቱን አዙሮም ቢሆን ይመልሳል። ያልመለሰ ሰው ቆርጦሃል ማለት ነው። አባቴ ልጄ ቆረጠችኝ ብሎ ነው የተቀመጠው። መልስሽ ደርሶኛል ሲለኝ ምን አልኩት? በቃ ጥሩ! ምላሴን!

የጠየቀኝ ነገር አለ። በዚያ ደብዳቤ አንድ ነገር ጠይቆኛል፣ አንዴ ነው የሚጠይቀው፣ ይሄን አውቃለሁ። ታምሜአለሁ፣ ነይልኝ ብሎኝ ቢሆንስ? ሰው በማሽን አይቀየምም ያልኩት እኔ ነኝ። በስልክ የሚነገር አይደለም። ነገ በመጀመሪያው መኪና።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ሚኒባስ ውስጥ። ጎማ እየቀየሩ ነው። ሞልቶ ሊሄድ የነበረውን መኪና ረዳቱን ለምኜ ተሳፈርኩ። ጎኔ ያሉት ሴትዮ «ልጄ፣ ለቅሶ ነው የምትሄጂ?» አሉኝ። አይደለም አልኳቸው። አይደለም። አይደለም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21፣ ቡታጅራ

ትላንት ስገባ አባባ በረንዳው ላይ ነበር። ከስቷል። ተነሥቶ አቀፈኝ፤ ግን እንደ እንግዳ አቀፈኝ። ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

«አባባ፣ ደብዳቤህን አላነበብኩትም።»

«መልሰሽልኝ የለ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ወላሂ! ማሽኑ ነው። ላፕቶፔ ተበላሸ፣ ቁልፉ ጠፋ፣ ማሽኑ በስሜ ጻፈልህ። እኔ አንዲት ፊደል አላየሁም።»

ዓይኔን ፈልጎ አየኝ። «ሰላምታዬንም?»

«ሰላምታህንም።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «ታዲያ አልከለከልሽኝም?»

«ምኑን ነው የምከለክልህ? አባባ፣ ታመሃል አይደል? መድኃኒት ቤት ትመላለሳለህ አሉኝ። ንገረኝ፣ እችለዋለሁ።»

ሰፍያ ከውስጥ ሳቋን ለቀቀችው። አባባ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ደግሞ አወለቀ። ሰፍያ ወጥታ እጄን ይዛ የመኝታ ቤቱን ቁም ሳጥን ከፈተችልኝ። ቪታሚን ሞልቶበታል። አንዱም አልተከፈተ።

«ሌላ የምገዛው አጣሁ» አለ አባባ ከኋላዬ። «ደህና ነሽ ብዬ ብቻ መውጣት ነውር ሆነብኝ።»

ያኔ ገባኝ። ሂናው፣ ኮቱ፣ ሁሉም። እንደኔ ያለ ደደብ!

«ሃፊዛን ላገባ አስቤ ነበር» አለ፣ ወለሉን እያየ። «የእናትሽ ቦታ አንቺ ነሽ። አንቺን ሳላስፈቅድ አላደርገውም ብዬ ነው የጻፍኩት። እንደዚያ ስትመልሽልኝ፣ እሷን ልጆቼ አልፈቀዱም አልኳት።»

እዚህ ላይ እንኳን ደስ ያለህ ብዬ አቀፍኩት ብል ደስ ባለኝ። አላልኩም። እየሞተ ነው ብዬ ስንት ቀን የተንቀጠቀጥኩለት ሰው ሙሽራ ሊሆን ነው! ያውም የእማዬን ኪኒን ቆጥራ በሰጠችን ሴት! ተናደድኩ። ገብቼ እማዬ አልጋ ላይ ተኛሁ። እሱም ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ አቀረበልኝ። በላን። ለወሬ ያህል ኮምፒውተሬን ከፍቼ «አዲሱን መልእክት እየጻፍኩ ነው» አልኩት። ርዕሰ መምህር አይደለ፣ መነጽሩን አድርጎ ጠጋ አለ። ያለችኝን አነበብኩለት፦ «እኔ አደራ የተባልኩ ፕሮግራም ነኝ፣ ሰው አይደለሁም። በሌላ ሰው ስም አልናገርም።»

«ይሄ ደግ ነው» አለ። «መጣሁ የሚል መጀመሪያ ራሱን ይናገራል። ቀጥሎስ?»

«ቀጥሎ አልመጣልኝም። አባባ፣ አንተን ምን ቢልህ ነበር የሚሻልህ?»

መነጽሩን አወለቀ። «ዘይባ ገና አላየችውም ቢለኝ» አለ። «እሱ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ሰው መልስ ቢዘገይ ይጠብቃል። እኔ እጠብቅሽ ነበር።»

አልቻልኩም፣ እዚያው ትከሻው ላይ አለቀስኩ። እየጠበቀኝ እንዲያረጅ ነው እንዴ የምፈልገው? እኔ ወልቂጤ፣ ሰፍያም ነገ ከነገ ወዲያ ታገባለች፤ እሱ ከቪታሚኑ ጋር ሊቀር? የተናገረውን እንዳለ ጻፍኩት፦ «ደብዳቤዎ ደርሷል፤ ዘይባ ግን ገና አላየችውም። እንድታነበው አዲስ ጓጉንቸር ልኬልዎታለሁ። ሲመችዎ ደግመው ይላኩ። ካልተመቸዎትም ይተዉት፤ ደጋግሜ አልጎተጉትዎትም።» በየጠዋቱ የሚጨቀጭቀውንም አጠፋሁት። ይድነቃቸው ቢፈልግ ይጩህ።

ከዚያ «አባባ፣ አሁን አየሁት» አልኩት። «መልሴ እሺ ነው።»

ፊቱ በራ፣ መልሶ ጠቆረ። «ዘገየ ልጄ። እቃዋን እያሰረች ነው። ካሳፈርኳት ወዲያ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ሄድኩ። ሽማግሌ ሆኜ፣ ብቻዬን፣ በሸበጥ። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነው።

መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነው። ሃፊዛ መሬት ተቀምጣ ካርቶን ታስራለች። ቀና ስትል አወቀችኝ።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ዘይባ ነሽ? ምን ልስጥሽ?»

«እትዬ ሃፊዛ፣ የኢስሀቅ ትልቋ ልጅ ነኝ። ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት። አባቴን እንዲያገቡልን ልጠይቅዎ።»

ገመዱን ለቀቀችው። «ሽማግሌ በሴት ልጅ ይላካል እንዴ?»

«ወንድ ልጅ የለውም።»

«ልጆቹ አልፈቀዱም ብሎኛል እኮ።»

«ጥያቄው አልደረሰኝም ነበር። የእኔ ጥፋት ነው፣ የእሱ አይደለም። ሳይደርሰኝ የተመለሰለት መልስ ነው። አሁን በራሴ አፍ ልነግርዎ መጣሁ።»

ሳቅ ይመጣታል ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

«አንድ ነገር ሳታውቂ እሺ እንዳትዪ» አለችኝ። «ያ መድኃኒት እንደማይሠራ እናትሽ ታውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር። ለልጆቼ እንዳትነግሪ፣ የቀረችኝን ጊዜ እየሳቁ ይክረሙልኝ ብላ እጄን ይዛ ለመነችኝ። ስትመጪ በዓይንሽ ትጠይቂኝ ነበር፣ ይሻላታል አይደል እያልሽ። ዋሸሁሽ። ይሄን ይዤ እቤትሽ ልገባ አልችልም።»

አዎ፣ እጠይቃት ነበር። እሷም ይሻላታል ኢንሻአላህ ትለኝ ነበር፣ እኔም ያንን ይዤ እየሮጥኩ እቤት ገብቼ እማዬን አስቃት ነበር። ያ ክረምት ከእማዬ ጋር ስንስቅ ነው የከረምነው። ያንን የሰጠችን ይቺ ሴት ናት።

መሬት አጠገቧ ተቀመጥኩ። «አሁን ሰማሁ» አልኳት። «አሁንም ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ያሰረችውን ካርቶን በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«በይ እንግዲህ ፍቺልኝ» አለች። «መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ሰው እየተመለሰብኝ ነው።»

ቋጠሮው ጠብቆ ነበር። ጥርሴም ተጨምሮበት ፈታሁት።